ከዛንዚባር እስከ ቦራካይ፦ የደሴት ባሕር ዳርቻን በሻጮቹ፣ በአገልግሎቱና በሕጉ መዝኖ ለመምረጥ

ለዕረፍት ደሴት የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው የአውሮፕላን ትኬቱን ዋጋ፣ የሆቴሉን ደረጃና የባሕሩን ቀለም ነው። ደሴቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ውሎውን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው በአብዛኛው አሸዋው ላይ የሚካሄደው ንግድ ነው፤ ዶቃና ካንጋ የሚባለውን ባለ ጥለት ጨርቅ ይዞ የሚመጣው አዟሪ፣ የፀሐይ መሞቂያ አልጋና ጃንጥላ የሚያከራየው፣ ወደ ኮራሉ በጀልባ ልውሰዳችሁ የሚለው ወጣት፣ ሹሩባ የምትሠራው ሴት፣ ጄት ስኪ የሚባለውን የውሃ ላይ ሞተር የሚያከራየው ድርጅት። ከእነዚህ ማን ፈቃድ እንዳለው፣ የት መቆም እንደሚችል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ የሚወስነው የየደሴቱ ሕግና የሕጉ አፈጻጸም ነው። በዚህ ረገድ ደሴቶች በእጅጉ ይለያያሉ፤ ስለዚህም ልዩነቱን ከመሄድ በፊት ማወቅ ከሆቴሉ ኮከብ ብዛት ያላነሰ ይጠቅማል።

እዚህ የተነጻጸሩት ዛንዚባር፣ ሞሪሸስ፣ የግሪክ ደሴቶች፣ ፑኬትና ቦራካይ ናቸው፤ ሲሸልስና የጣሊያን ደሴቶችም በአጭሩ ተነሥተዋል። የተመረጡት እያንዳንዳቸው ለአንድ ችግር የተለያየ መፍትሔ ስለሞከሩ ነው። ለአንባቢያችንም ሩቅ አይደሉም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሲሸልስ በቀጥታ ይበራል፣ በአውሮፓና በእስራኤል ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ የግሪክ ደሴቶች የአጭር በረራ ጉዳይ ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከእነዚህ ቦታዎች በአብዛኞቹ አሸዋው በሕግ የሕዝብ ነው፤ ሆቴሉ ከፊቱ ያለውን ባሕር ዳርቻ «የግል» ብሎ ቢያስተዋውቅ እንኳ ይህ ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ቋንቋ እንጂ የባለቤትነት መብት አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው መንግሥት በዚያ የሕዝብ አሸዋ ላይ ማን እንዲነግድ እንደሚፈቅድና የፈቀደውንም ምን ያህል እንደሚቆጣጠር ሲታይ ነው።

ዛንዚባር፦ ሕግ አለ፣ ቁጥጥሩ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል

ዛንዚባር በታንዛኒያ ኅብረት ውስጥ የራሱ ፕሬዚዳንት፣ ምክር ቤትና የቱሪዝም አስተዳደር ያለው ነው። አስጎብኚዎችና የጉብኝት ድርጅቶች ከዛንዚባር የቱሪዝም ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅባቸዋል። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ ከዛንዚባር የመድን ኮርፖሬሽን የ44 ዶላር የጉዞ መድን እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል፤ ሌላ የጉዞ መድን ያለው ሰውም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ይህን ወጪ በጀት ውስጥ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፣ በተለይ ብዙ ሆነው ለሚሄዱ ቤተሰቦች።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሥርዓት ይህን ቢመስልም በሰሜኑ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ በምሥራቁም ፓጄና ጃምቢያኒ አሸዋ ላይ የሚያጋጥመው ነገር ሌላ ነው። ከሆቴሉ ደጃፍ ወጥተው ጥቂት ከመራመድዎ አንድ ወጣት በወዳጅነት ሰላምታ ይቀርብዎታል፣ ስምዎንና አገርዎን ይጠይቃል፣ ከዚያም የጀልባ ጉዞ፣ የቅመም እርሻ ጉብኝት ወይም የወንድሙን ሱቅ ይጠቁማል። የማሳይ ልብስ የለበሱ ሻጮች ዶቃና አምባር ይዘው ይመጣሉ፣ ሴቶች ሂና ለመሣል ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ ፈቃድ የላቸውም፤ ክፉ ስለሆኑ ግን አይደለም። ደሴቱ ላይ የሚመጣው እንግዳ እጅግ ብዙ ሆኖ ሳለ ሁሉን ነገር በአንድ ክፍያ በሚያጠቃልሉ ሆቴሎች ውስጥ የሚያርፈው ምሳውንም እራቱንም፣ ጉብኝቱንም በዚያው ስለሚጨርስ ገንዘቡ ወደ መንደሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ጠባብ ነው። ያን ጠባብ ቀዳዳ የሚሻሙት ከመንደሩ ወጣቶች ጋር ከዋናው ምድር ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው፣ አብዛኞቹም የሚከፈላቸው ደንበኛ ሲያመጡ በሚያገኙት ኮሚሽን ብቻ ነው። የሻጩ ጥድፊያና አልለቅም ባይነት ከዚህ የሚመነጭ መሆኑን የተረዳ ጎብኚ በአክብሮት እምቢ ማለትም፣ ሲፈልግም በእርጋታ መግዛት ይቀለዋል።

ስለዚህ ዛንዚባርን የመረጠ ሰው ቁጥጥሩን በከፊል ራሱ መሸከም ይኖርበታል። የመጀመሪያው ዋጋ የመነሻ ዋጋ እንደሆነ መርካቶ ጨርቅ የገዛ ሰው አያጣውም፤ ነገር ግን በጀልባ ጉዞ ላይ ክርክሩ ስለ ዋጋ ብቻ መሆን የለበትም። ወደ ምኔምባ ደሴት ዙሪያ ኮራል ለመሄድ ሲስማሙ የባሕር ጥበቃ ቀጠናው የመግቢያ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መኖሩን፣ ለልጆች ጭምር የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን፣ ጀልባው ውስጥ ስንት ሰው እንደሚጫን ይጠይቁ። ዋጋው ከሌሎቹ በግልጽ የረከሰ ከሆነ ከእነዚህ አንዱ ተቀንሶ ይሆናል። በደቡብ ኪዚምካዚ የሚደረገውን የዶልፊን ጉብኝት በተመለከተ የጸሐፊው አቋም ግልጽ ነው፤ ብዙ ጀልባዎች በአንድ ጊዜ እንስሳቱን እያሳደዱ ሰው ከመካከላቸው የሚዘልበት ልማድ ዶልፊኖቹን የሚያስጨንቅ ስለሆነ፣ ርቀቱን የሚጠብቅና ውሃ ውስጥ የማያስገባ አስጎብኚ ካልተገኘ መቅረቱ ይሻላል።

የቦታ ምርጫም ከሻጮች ጋር ይያያዛል። በምሥራቁ ዳርቻ ማዕበሉ ሲመለስ ባሕሩ በጣም ርቆ ስለሚሄድ ለሰዓታት መዋኘት አይቻልም፤ በዚያ ጊዜ አሸዋው የባሕር ሣር የሚያመርቱ ሴቶች የሥራ ቦታ ይሆናል። ፓጄ የነፋስ ስፖርት ለሚወዱ ተመራጭ ነው። ኑንግዊ ላይ በማንኛውም ሰዓት መዋኘት የሚቻል ሲሆን የሻጩም ብዛት በዚያው ልክ ይጨምራል። ጸጥታ የሚሻ ወደ ምሥራቅ፣ መዋኘት የሚሻ ወደ ሰሜን ቢሄድ ይሻላል፤ ሁለቱንም በአንድ ቦታ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።

ሞሪሸስ፦ ትንሹን ነጋዴ በፈቃድ ያስጠለለ ሥርዓት

ሞሪሸስ ጉዳዩን ለብቻው ለተቋቋመ መሥሪያ ቤት ሰጥታዋለች። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመው የባሕር ዳርቻዎች ባለሥልጣን የሕዝብ ዳርቻዎችን ያስተዳድራል፣ ለባሕር ዳርቻ ነጋዴዎችም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመዝናኛ ጀልባዎችን ፈቃድ የሚቆጣጠረው ደግሞ የቱሪዝም ባለሥልጣኑ ነው። የዚህ ሥርዓት መሠረት ከፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን የወረደ ነው፤ ከባሕሩ ከፍተኛ የውሃ ምልክት ጀምሮ ወደ ውስጥ 81 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሬት የመንግሥት ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ዳር ላይ የተሠሩት ሆቴሎች ሳይቀሩ አብዛኞቹ በሊዝ የያዙት ነው። ከውሃው ምልክት በታች ያለው እርጥብ አሸዋ የሁሉም መተላለፊያ ነው።

ውጤቱ ፍሊክ አን ፍላክ ወይም ቤል ማር ላይ በዓይን ይታያል። ከዛፎቹ ሥር ዳል ፑሪ የሚባለውን የአተር ክክ ያለበት ቂጣ፣ የአተር ባጂያና በቃሪያና በጨው የተለወሰ አናናስ የሚሸጡት ነጋዴዎች የታወቀ ቦታና ፈቃድ ያላቸው በመሆናቸው ነገም እዚያው ይገኛሉ፤ ነገ የሚገኝ ነጋዴ ደግሞ ዛሬ ለማታለል አይቸኩልም። ቅዳሜና እሑድ የአገሬው ሰው ቤተሰቡንና ድስቱን ይዞ መጥቶ እዚያው ስለሚውል ዋጋው የቱሪስት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። ደሴቲቱ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል በኮራል አጥር የተከበበች መሆኗ ውሃውን ለልጆች የተረጋጋ ያደርገዋል። ፈቃድ የሌላቸው አዟሪዎች ፈጽሞ የሉም ማለት አይደለም፣ በተለይ ወደ ኢል ኦ ሴርፍ ደሴት የጀልባ ጉዞ የሚሸጡ ደላሎች ትሩ ዶ ዱስ መንደር ላይ ይበዛሉ፤ ሆኖም ጀልባው ላይ የተጻፈውን የምዝገባ ቁጥር ማየት ፈቃድ ያለውን ከሌለው ለመለየት ይረዳል። ከተነጻጸሩት ሁሉ ለጎብኚውም ለነጋዴውም የተመጣጠነ ሆኖ የሚታየኝ ይህ ሥርዓት ነው፣ ምክንያቱም ሻጩን ከአሸዋው ሳያባርር ተጠያቂ አድርጎታል።

ሲሸልስ ውስጥ ጥያቄው ራሱ ይቀላል፤ የሕዝብ ቁጥሩ አነስተኛ በመሆኑ አዟሪ እምብዛም አያጋጥምም። በማሄ ደሴት ቦ ቫሎን ላይ ረቡዕ ከሰዓት የሚቆመው ገበያ ለአገሬው ምግብና እደ ጥበብ በቂ ነው። ዳርቻዎቹ የሕዝብ ናቸው፣ ነገር ግን በላ ዲግ ደሴት በፎቶግራፍ ወደሚታወቀው አንስ ሱርስ ዳርዣን የሚወስደው የተለመደ መንገድ በአንድ እርሻ ግቢ ውስጥ ስለሚያልፍ የመግቢያ ክፍያ አለው። የሲሸልስ ችግር ወጪው ነው።

የግሪክ ደሴቶች፦ ዋናው ክርክር ስለ ወንበር ነው

በዛንዚባር እንግዳውን የሚያስጨንቀው አዟሪው ከሆነ፣ በግሪክ ያስጨነቀው ባለ ፈቃዱ ነው። መንግሥት የዳርቻውን ክፍል ለቡና ቤቶችና ለሆቴሎች ያከራያል፤ እነሱም ከተከራዩት በላይ እያስፋፉ በአንዳንድ ደሴቶች ከአለት እስከ ውሃ ድረስ አልጋ ደርድረው ፎጣ የሚነጠፍበት ቦታ አሳጡ። በ2023 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ በጋ በፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች ዳርቻችን ይመለስልን ብለው ተሰለፉ፤ የፎጣ ንቅናቄ የተባለው ይህ ተቃውሞ ወደ ሌሎች ደሴቶችም ተዛመተ። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ወራት ባወጣው ሕግ ከዳርቻው ቢያንስ 50 በመቶ ከአልጋና ከጃንጥላ ነጻ እንዲሆን፣ በተጠበቁ የተፈጥሮ ቀጠናዎች ደግሞ ይህ 70 በመቶ እንዲደርስ፣ የመጀመሪያው ረድፍም ከውሃው ጠርዝ ቢያንስ 4 ሜትር እንዲርቅ ደነገገ። በዚያው ዓመት 198 ዳርቻዎች ምንም ዓይነት የአልጋ ኪራይ የማይፈቀድባቸው ተብለው ተለይተዋል።

ለጎብኚው ትልቁ ጥቅም ማይኮስት የተባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። በአንድ ዳርቻ ላይ የትኛው ክፍል ለማን እንደተከራየ በካርታ ያሳያል፣ ጥሰት ያየ ሰውም አቤቱታውን በዚያው ያቀርባል፤ ባለሥልጣናቱ ሰው አልባ አውሮፕላንና የሳተላይት ምስልም ለቁጥጥር ይጠቀማሉ። ስለዚህ ግሪክ ውስጥ ፎጣዎን ነጻ አሸዋ ላይ ሲዘረጉ አንድ አስተናጋጅ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው ቢልዎት፣ ካርታውን ከፍተው ማሳየት ይችላሉ። አልጋ መከራየት የሚፈልጉ ከሆነ ግን ከመቀመጥዎ በፊት ዋጋው ለአንድ ሰው ይሁን ለሁለት፣ በኪራዩ ላይ መጠጥ ወይም ምግብ ማዘዝ ግዴታ ይሁን አይሁን በግልጽ ይጠይቁ፤ እንደ ማይኮኖስ ባሉት ደሴቶች የፊተኛው ረድፍ ዋጋ ከኋለኛው በብዙ ይበልጣል።

በሜድትራንያን ደሴቶች አሸዋ ላይ ቦርሳ፣ መነጽርና ሰዓት እየዞሩ የሚሸጡት አብዛኞቹ ከአፍሪካና ከደቡብ እስያ የመጡ ስደተኞች ናቸው። በጣሊያን የሚኖሩና ወደ ሲሲሊና ሰርዴኛ የሚሄዱ ወገኖቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ ያስፈልጋል፤ በጣሊያን ሕግ አስመስሎ የተሠራ የታወቀ ምርት የገዛ ሰው፣ ሻጩ ብቻ ሳይሆን ገዢውም፣ ከ300 እስከ 7,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ለሻጩ አዝኖ ሊረዳው የወደደ ሰው ውሃ ወይም ፍራፍሬ ቢገዛው ወይም በቀጥታ ቢሰጠው ራሱን ሳይጎዳ ይረዳዋል። በሰርዴኛ ስቲንቲኖ አጠገብ ያለው ላ ፔሎዛ ደግሞ በበጋ በቀን 1,500 ሰው ብቻ በቅድሚያ ትኬት የሚያስገባ ሲሆን፣ ከፎጣው ሥር ምንጣፍ ማንጠፍ ግዴታ ነው፤ እርጥብ ፎጣ አሸዋ ተሸክሞ ስለሚሄድ ነው።

ፑኬትና ቦራካይ፦ አሸዋውን ጠርጎ እንደገና መጀመር

ሁለቱ የእስያ ደሴቶች ከበሽታው ይልቅ ፈውሱ የሚያስደነግጥ መንገድ ሄደዋል። በታይላንድ ፑኬት፣ ከግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ወታደራዊው አስተዳደር ፓቶንግን ጨምሮ በዋና ዋና ዳርቻዎች ለዓመታት የተደረደሩትን አልጋዎች፣ ጃንጥላዎችና ሱቆች አስነሣ። ጎብኚው ግን ጥላ አጣ፤ ቅሬታው ሲበዛ ከዳርቻው 10 በመቶ ብቻ ተለይቶ ነባር ነጋዴዎች እዚያ ውስጥ ጃንጥላና ምንጣፍ እንዲያከራዩ፣ ማሳጅም እንዲሠሩ ተፈቀደ። ሕጉ ጥብቅ የሆነባቸውና የላላባቸው ወቅቶች ቢፈራረቁም የ10 በመቶው ሐሳብ ብልህ ነው፤ ጥላ የሚፈልግ ወደዚያ ይሄዳል፣ የማይፈልግ ቀሪው ዳርቻ ሁሉ አለው።

የፊሊፒንስዋ ቦራካይ ከዚህም አልፋ ሄደች። ፍሳሽ ወደ ባሕሩ እየገባ መሆኑ ከታወቀ በኋላ በፕሬዚዳንት ዱቴርቴ ትእዛዝ ደሴቷ ከሚያዝያ 26 እስከ ጥቅምት 26 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ለስድስት ወር ለቱሪስት ተዘጋች። ስትከፈት በቀን ሊኖር የሚችለው የጎብኚ ቁጥር በ19,215 ተወሰነ፤ በነጩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ጠረጴዛና አልጋ መዘርጋት፣ ማጨስ፣ አልኮል መጠጣት፣ አዙሮ መሸጥ፣ ማሳጅና ሹሩባ መሥራት ተከለከለ። አሸዋው ንጹሕ፣ ውሃው ጥርት ያለ ሆነ፤ ዳርቻው ላይ ተኝቶ በማንም ሳይጠየቅ መዋል ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ዋጋውን ግን ማን እንደከፈለ መዘንጋት አይገባም። በስድስቱ ወር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ገቢ አጥተዋል፣ በቅርጫት ዕቃ ይዘው ይዞሩ ለነበሩት ሴቶች ደግሞ ደሴቷ ስትከፈትም አሸዋው አልተመለሰላቸውም። ፍሳሹን ወደ ባሕር የለቀቁት እነሱ አልነበሩም።

ከደሴቱ በላይ አገልግሎቱ ሲመዘን

አንዳንድ አገልግሎት የትም ደሴት ቢሆን ጥንቃቄው አንድ ነው። ከሁሉም ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ጄት ስኪ ነው። ፑኬትን ጨምሮ በታይላንድ ዳርቻዎች ለረጅም ጊዜ የተለመደው ማጭበርበር፣ ደንበኛው ሲመለስ ቀድሞ የነበረን ጭረት እያሳዩ ከፍተኛ ካሣ መጠየቅ ነበር፤ መድን ግዴታ ከተደረገ በኋላም ቅሬታው ፈጽሞ አልጠፋም። ማሽኑን ከመንዳትዎ በፊት ከአራቱም ጎን በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ፣ ሲቀርጹም አከራዩ ይይ፤ ፓስፖርትዎን መያዣ አድርገው በፍጹም አይስጡ፣ ከተጠየቁ የገንዘብ ቀብድ በደረሰኝ ይበቃል። መድኑን በጽሑፍ ሊያሳይ የማይችል አከራይ ጋር አለመከራየት ነው። የጉዞ መድን ያለዎት ከሆነም ውሉ በሞተር የሚሄዱ የውሃ ስፖርቶችን ማካተቱን ያንብቡ፣ ብዙዎቹ አያካትቱምና።

ሂና ሲሣሉ ቀለሙን ይጠይቁ። የተፈጥሮ ሂና ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነው፣ ለመያዝም ሰዓታት ይፈጃል። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ሲሆን ቆዳን ሊያቃጥልና ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። ለልጆች ፈጽሞ አይሆንም።

ከሚሸጡ ዕቃዎች መካከል ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የተሠራ ነገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፤ ኮራልና ትልልቅ ዛጎሎችም በአውሮፕላን ማረፊያ ሊወረሱ ይችላሉ። ከሲሸልስ የሚወጣው ባለ ሁለት ክፍል ትልቅ ኮኮናት ያለ ይፋዊ የምስክር ወረቀትና ፈቃድ አይወጣም። ምግብ ላይ ጸሐፊው ብዙ አይጨነቅም፤ የአገሬው ሰው ከተሰለፈበትና ትኩስ ከሚጠበስበት መግዛት በቂ ነው። በዛንዚባር አሮጌ ከተማ፣ በስቶን ታውን፣ ፎሮዳኒ መናፈሻ የማታ ገበያ ላይ ግን የባሕር ምግቡ ለሰዓታት ደጅ የሚቆይ በመሆኑ ከዓሣው ይልቅ እዚያው የሚጋገረውን የዛንዚባር ፒዛ ወይም ኡሮጆ ሾርባ መምረጥ ይሻላል፣ ዋጋውንም ከመታዘዙ በፊት መስማማት ነው።

ለማን የትኛው?

ትንንሽ ልጆች ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደሴት የሚሄድ ቤተሰብ፣ አቅሙ ከፈቀደ፣ ሞሪሸስን ቢመርጥ ውሃውም ነጋዴውም ያሳርፈዋል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ፣ በመጠነኛ ወጪ፣ ከሰው ጋር ማውራትና መከራከር የማይከብደው ሰው ዛንዚባርን ይምረጥ፤ ሲቻልም ሁሉን ጠቅላይ ከሆነው ሆቴል ይልቅ መንደሩ ውስጥ ያለ አነስተኛ ማረፊያ ቢይዝ ገንዘቡ ለሻጮቹም ይደርሳል፣ ሰዎቹም ከሁለት ቀን በኋላ በስሙ ያውቁታል። ጃንጥላውንና ምግቡን ራሱ ይዞ መውጣት የሚወድ፣ መብቱንም በካርታ ማስከበር የሚችል የአውሮፓ ነዋሪ በግሪክ ደሴቶች ደስ ይለዋል። ቦራካይ ከሻጭ ፈጽሞ መራቅ ለሚፈልግ፣ ፑኬት ደግሞ አገልግሎቱ በተወሰነ ቦታ ተከልሎ እንዲቀርብለት ለሚፈልግ ይስማማሉ።

የትኛውንም ቢመርጡ የአቤቱታውን መንገድ ከመነሻው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። በግሪክ ማይኮስትን ከመሄድዎ በፊት ያውርዱ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ 112 ይደውሉ። በታይላንድ የቱሪስት ፖሊስ ቁጥር 1155 ነው፤ የጄት ስኪ ክርክር ሲነሣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ወደዚያ መደወል ብዙ ጊዜ የጥያቄውን መጠን ያሳንሳል። በሞሪሸስ የጀልባውን የምዝገባ ቁጥር ይዞ ወደ ቱሪዝም ባለሥልጣኑ መሄድ ይቻላል። በዛንዚባር ደግሞ የከፈሉበትን ደረሰኝና የአስጎብኚውን የፈቃድ ካርድ ፎቶግራፍ ከጉዞው በፊት መያዝ ያስፈልጋል፣ ያለ እነዚህ የቱሪዝም ኮሚሽኑ ጉዳዩን ሊከታተል የሚችልበት መነሻ አይኖረውምና።